ሜዳ የሚከፍት ሰው
ለቆቦና ለራያ ቆላ ወጣቶች፣ ወላጆችና መምህራን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ስለ ኳስ ስናወራ የምናነሣው ግብ ያገባውን ነው። ግብ ያገባውን ልጅ መጀመሪያ ኳስ ያስያዘው፣ በፀሐይ ቆሞ «እንደገና!» እያለ ያስደገመው ሰው ስሙ አይነሣም። ዛሬ ስለዚያ ሰው ላወራችሁ መጥቻለሁ። በወጣትነቱ ራሱ ተጫውቶ፣ ጉልበቱ ሲደክም ወደ ሜዳው ዳር ወጥቶ ሌሎችን ማስተማር ስለ ጀመረ ሰው። በተለይ ደግሞ ስለ መጀመሪያዎቹ፣ ማለትም የሚከተሉት አርአያ ሳይኖራቸው አሠልጣኝነትን ራሳቸው ስለ ፈጠሩት ሰዎች።

ከሩቅ አገር ልጀምር፤ ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ ነው። ቅርጫት ኳስ ከየት እንደ መጣ በትክክል ከሚታወቅላቸው ጥቂት ጨዋታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፣ የወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማኅበር ማሠልጠኛ ውስጥ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል ካናዳዊ መምህር ነበር። ማኅበሩን አዲስ አበባ የኖራችሁ «ወወክማ» ብላችሁ ታውቁታላችሁ። ውጭው በረዶ ስለሆነ ተማሪዎቹ ቤት ውስጥ ተዘግተው ሰልችቷቸዋል፤ እርስ በርስም ይነታረካሉ። ኔይስሚዝ ሁለት የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫቶች አስመጥቶ በአዳራሹ ሰገነት ላይ፣ አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ ጫፍ ቸነከራቸው። አሥራ ሦስት ሕግ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። 18ቱን ተማሪዎች ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ከፈላቸውና የእግር ኳስ ሰጣቸው። የቅርጫቶቹ ቂጥ አልተቀደደም ነበርና ኳስ በገባ ቁጥር አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ማውጣት ነበረበት። ያን ቀን ብዙ መውጣት አላስፈለገም፤ ጨዋታው 1 ለ 0 ነው ያለቀው።

ኔይስሚዝ በኋላ ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያ ፎረስት አለን የሚባል ወጣት በእሱ ሥር ተጫወተ። ድምፁ የመርከብ ጥሩምባ ይመስል ነበርና «ፎግ» የሚል ቅጽል ወጣለት። ይህ ወጣት አሠልጣኝ መሆን እንደሚፈልግ ሲናገር ኔይስሚዝ ተገረመ፤ ቅርጫት ኳስ ይጫወቱታል እንጂ አያሠለጥኑትም የሚል እምነት ነበረው። የጨዋታው ፈጣሪ ራሱ እንዲህ ካለ ሌላው ሰው ምን ሊል ነው? አለን ግን ልጅ ቆሞ ሲወረውር እጁ የት እንደሚጣመም፣ ሲሮጥ ዓይኑ የት እንደሚያይ አስተውሎ ነበር፤ ይህ ሁሉ በትምህርት ሊስተካከል እንደሚችል አምኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 የመምህሩን ቦታ ተረከበ። መካከል ላይ አቋርጦ የአጥንትና የጡንቻ ሕክምና ተምሮ ተመለሰ፤ በካንሳስ ብቻ 39 የውድድር ዘመን አሠለጠነ፤ በ1952 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። ቅርጫት ኳስ በ1936 በርሊን ላይ ወደ ኦሊምፒክ እንዲገባ ከጎተጎቱት ዋናው እሱ ነበር። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የሚበዛው ብቸኛ አሠልጣኝ የጨዋታው ፈጣሪ ኔይስሚዝ ነው፤ 55 አሸንፎ 60 ተሸነፈ። ጨዋታ መፍጠርና ጨዋታ ማስተማር የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ለማሳየት ከዚህ ቁጥር የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ኔይስሚዝ ግን ሌላ ተማሪ ነበረው፤ እኔ ከአለን ይልቅ ይህኛውን ነው የምወደው። ጆን ማክሌንደን ይባላል፤ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሊጫወት ፈለገ፤ በቆዳው ቀለም ምክንያት ቡድኑ ዘጋበት። ያን ጊዜ የሸመገለው ኔይስሚዝ አማካሪው ሆኖ የሚያውቀውን ሁሉ አስተማረው። እንግዲህ አስቡት፦ ጨዋታውን ከፈጠረው ሰው ቁጭ ብሎ የተማረ ልጅ፣ ተማሪ በሆነበት ዩኒቨርሲቲ ማልያ መልበስ ተከለከለ። ማክሌንደን አሠልጣኝ ሆነ፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁሮች በተለየ ኮሌጅ ቡድኑን ከቀድሞው እጅግ በፈጠነ አጨዋወት አሠለጠነ። በመጋቢት 1944 አንድ እሑድ ጧት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ሰዓት፣ ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የነጮች ቡድን ጋር በምስጢር ተጋጠሙ። እንዲህ ያለው ጨዋታ በዚያ አካባቢ በሕግ የተከለከለ ነበር። በሩ ከውስጥ ተቆለፈ፤ ተመልካች አልነበረም። የማክሌንደን ልጆች 88 ለ 44 አሸነፉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከውጤቱ ይበልጣል፤ ሁለቱ ቡድኖች ተቀላቅለው፣ ነጭና ጥቁር በአንድ ወገን ሆኖ፣ ሌላ ጨዋታ ተጫወቱ።

ይህ ሰው ወደ ሜዳ እንዳይገባ ተከልክሎ ሜዳውን ለሌሎች ከፈተ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ሐሳብም ይኸው ነው፤ የአሠልጣኝ ትልቁ ሥራ የተዘጋ ሜዳ መክፈት ነው። ይህን ሐሳብ በአገራችን ታሪክ ላሳያችሁ።

ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ጅማ ተወለደ። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ፣ የልጅ ኢያሱም ወዳጅ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ በመሆናቸው የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ለእናንተም ሩቅ አይደለም። ልጁ ግን የአባቱን ሙያ አልተከተለም፤ ኳስ ያዘ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ጥረት ተቋቋመ። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ። የጣሊያን ጦር በሰሜን ድንበሩን ጥሶ የገባበት ዓመት ነው። ይድነቃቸው ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ በዚህ ቡድን ማልያ ተጫውቶ እስከ 1950 ዓ.ም. አካባቢ ድረስ ቆየ። ወጣትነቱ የወደቀው በወረራው ዘመን ነው። የዘር ሕግ በወጣበት በዚያ ዘመን ጣሊያንና «አገሬው» በአንድ ሜዳ እኩል አይሰለፉም፤ የጊዮርጊስን ስም እንኳ ለውጠውት ነበር። አንድ ልጅ ኳስ ለመምታት ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው የየትኛው ዘር ልጅ እንደሆነ ከሆነ፣ ያ ልጅ ስለ ሜዳ የሚማረው ነገር ከኳስ ቴክኒክ በላይ ነው። የይድነቃቸውን ኋለኛ ሕይወት የሚያብራራልኝ ይህ ይመስለኛል።

ነፃነት ሲመለስ ሥራው ከዜሮ ተጀመረ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ተመሠረተ፤ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት ቡድኖች የከተማዋን ዘመን ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፤ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የብሪታንያ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድንም ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። የአገሬው ልጆች ቡድን አንድ ብቻ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ በመጀመሪያ ጨዋታው የያኔውን የፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ የዛሬዋን ጅቡቲን፣ አዲስ አበባ ላይ 5 ለ 0 አሸነፈ።

የዚያ ዘመን ሰው አንድ ሥራ ብቻ መያዝ አይችልም ነበር። ይድነቃቸው ይጫወታል፣ ያሠለጥናል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ውድድር ያዘጋጃል። ዛሬ ለእያንዳንዱ ቢሮ አለ፤ ያኔ ሁሉም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ነበር። ተጫዋች ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ በልጆች ትዝታ ውስጥ ጥሩ አጥቂ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ከዚያ አያልፍም።

ወደ 1949 ዓ.ም. የካቲት እንለፍ። ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ሊጫወቱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ልላክ አለች፤ ቀላቅላ መላክ አልፈለገችም። ሌሎቹ አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካ ወጣች። ኢትዮጵያ ልትገጥማት የነበረው ከዚያችው አገር ጋር ስለነበር በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። ሽንፈቱ መራራ ነበር። ውሳኔው ግን ትክክል ነበር። የዘር ሕግ ባለበት ከተማ ኳስ የተማረው ይድነቃቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ከዚህ አቋም አልወረደም።

አሁን ወደ ዋናው ቀን እንምጣ፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነው፤ ከዩጎዝላቪያ የመጣው ስላቭኮ ሚሎሼቪችም አብሮት ይሠራል። ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈዋል። ለፍጻሜ የመጡት ሁለቱን ያለፉ ዋንጫዎች የወሰዱት ግብፆች ናቸው፤ ያኔ የተባበሩት ዐረብ ሪፐብሊክ ይባሉ ነበር። በረኛችን ጊላ ሚካኤል ተክለማርያም፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት አለ። ሁለቱ ወንድማማቾች ኤርትራ ውስጥ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። ይድነቃቸው በልጅነቱ ዘር ለይቶ በሚያጫውት ከተማ ኖሮ፣ አሠልጣኝ ሲሆን የኢትዮጵያ አምበል ይህ ልጅ ነበር።

በ35ኛው ደቂቃ በደዊ ለግብፅ አገባ። ጨዋታው እንዲሁ ቀጠለ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን። ስታዲየሙ ምን ያህል እንደ ጮኸ ልትገምቱ ትችላላችሁ። ግን ደስታው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው፤ በ75ኛው ያው በደዊ ደገመ። አሠልጣኞች ይህን ደቂቃ በደንብ አስቡበት። ገና አቻ ሆናችሁ ተቃቅፋችሁ ሳትጨርሱ ከመረብ ኳስ እየወጣ ነው። ዛሬ ቢሆን አሠልጣኝ ተጫዋች ይቀይራል፤ በዚያ ዘመን ተጫዋች መቀየር አልተለመደም ነበር። ሜዳው ዳር ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ሊጨምረው የሚችለው ነገር ከሞላ ጎደል የለም። ያለው ከወራት በፊት የሠራው ልምምድ ነው፤ ልጆቹ ሲደነግጡ ወደ የት እንደሚሮጡ፣ ኳስ ሲጠፋባቸው ማን ማንን እንደሚፈልግ ያስለመደው ነው። በ84ኛው ሉቺያኖ አቻ አደረገ። ጭማሪ ሰዓት መጣ። በ101ኛው ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሰጡ። አዲስ አበባ ላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ከፍታ በጭማሪ ሰዓት ያን ያህል መሮጥ የሚቻለው ሳንባ ሲለማመድ ነው፤ ሳንባ ደግሞ ያለ አሠልጣኝ አይለማመድም።

ከዚያ በኋላ አፍሪካ ያወቀው ይድነቃቸው የቢሮው ይድነቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ፊፋ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ አንድም አገር በቀጥታ እንዳይገባ፣ የአፍሪካው አሸናፊ ከእስያው ጋር ተጋጥሞ እንዲያልፍ ወሰነ። አንድ አህጉር ሙሉ ግማሽ ወንበር ተሰጠው ማለት ነው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና የኢትዮጵያው ይድነቃቸው ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ። እንግሊዝ ላይ አንድ የአፍሪካ ቡድን ሳይኖር የዓለም ዋንጫ ተካሄደ። ዋጋው ከባድ ነበር፤ በዚያ ትውልድ በጣም ጥሩ የነበሩ ልጆች የዓለም ዋንጫ ሳያዩ አረጁ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ፊፋ ለአፍሪካ ሙሉ ቦታ ሰጠ፤ በ1970 ሜክሲኮ ላይ ሞሮኮ ተሰለፈች። ዛሬ ከዘጠኝ ያላነሱ የአፍሪካ አገሮች ወደ ዓለም ዋንጫ ሲገቡ የሚያዩ ልጆች የመጀመሪያዋ መቀመጫ እንዴት እንደ ተገኘች ሊማሩ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1976 ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ስትባረር ሥልጣን ላይ የነበረው እሱ ነው። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ አረፈ።

በ1954ቱ ፍጻሜ አራተኛዋን ግብ ያገባው መንግሥቱ ወርቁም የዚሁ ጉዞ ተጓዥ ነው። ከጎንደር ወገን የተነሣ፣ የጊዮርጊስ አጥቂ የነበረ፣ በ1954ቱ ዋንጫ ከበደዊ ጋር እኩል ሦስት ግብ አግብቶ የግብ አግቢነትን ደረጃ የተጋራ ነው። በአፍሪካ ዋንጫዎች በአጠቃላይ 10 ግብ አለው። ታዲያ ይህ ሁሉ ዝና ያለው ሰው አሠልጣኝ ሲሆን ምን አገኘ? ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ በ1974 ዓ.ም. ወደ ሊቢያ የአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። እዚያ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያየ። አንድም ግብ አላገባም። ግብ የማስቆጠር ችሎታው በራሱ እግር ውስጥ ነበር፤ በሌላ ሰው እግር ውስጥ ማስገባት ሌላ ነገር ነው። እኔ ይህን እንደ ሽንፈት አላየውም። ያቺ አልጄሪያ በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ላይ ምዕራብ ጀርመንን ያሸነፈችው አልጄሪያ ናት፤ ከእሷ ጋር 0 ለ 0 መውጣት ተራ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም.፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጊዜ ነው። መንግሥቱ ያደረሰው ቦታ ምን ያህል ከፍ ያለ እንደነበር ያሳየን ያ ረጅም ባዶ ጊዜ ነው። መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ አረፈ።

በአትሌቲክሱም እንዲሁ ነው። ንጉሤ ሮባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልበርን ኦሊምፒክ ላይ 100 ሜትር ሮጧል። አጭር ርቀት ሯጭ ነው፤ ሜዳልያ አላገኘም። በኋላ ግን የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆኖ ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ1980 ሁለት ወርቅ ሲያገኝ ከጎኑ የነበረው እሱ ነው። መቶ ሜትር የሮጠ ሰው አሥር ሺህ ሜትር ያሸነፈ ሰው አሠለጠነ። ለዚህ ነው ጥሩ አሠልጣኝ ለመሆን የግድ ትልቅ ኮከብ መሆን አለብህ የሚለውን አባባል የማልቀበለው።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ቆቦ እንመለስ።

ይህ ሜዳ ለጥ ያለ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ፤ መካከሉ ከሮቢትና ጎብዬ እስከ ዋጃና አላማጣ ድረስ ማሽላ የሚበቅልበት ሰፊ ቆላ። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ልጆች ለአንዲት ጠባብ ሜዳ ተጣልተው ይውላሉ፤ እዚህ ሜዳ ሞልቷል። ልጆቹም ሞልተዋል። ድንጋይ አስቀምጠው ጎል ያደርጋሉ፣ ጨርቅ ጠቅልለው በሲባጎ አስረው ኳስ ያደርጋሉ፣ በሰኔ ሙቀት እንኳ ከሰዓት በኋላ አቧራ እያስነሡ ሲሯሯጡ ታያላችሁ። ወልድያ ላይ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አለ፤ የወልድያ ቡድንም በፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። ስለዚህ የጎደለው ቦታም ልጅም አይደለም። የጎደለው ተጫውቶ ያቆመው ሰው ነው። ዛሬ የት ነው ያለው?

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ፣ በትምህርት ቤት ቡድን ወይም በወረዳ ቡድን የተጫወታችሁ፣ አሁን ሱቅ የምትሠሩ፣ ባጃጅ የምትነዱ፣ የምታርሱ፣ የምታስተምሩ፣ እናንተን ነው የምጠይቀው። ገበሬ አባቶቻችሁ ከላስታ የሚወርደውን ጎርፍ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ታውቃላችሁ። ጎርፉ ሲመጣ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ ያልፋል፤ ቦዩን ከመምጣቱ በፊት ያልቆፈረ ሰው ውኃው በማሳው አጠገብ ሲያልፍ ቆሞ ያያል። የልጆች ጉልበትም እንዲሁ ነው፤ ከ12 እስከ 18 ዓመት መጥቶ ያልፋል። ቦዩን ቀድሞ የሚቆፍረው አሠልጣኙ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቅርብ ላሳያችሁ። አሥራ አምስት ልጅ ኳስ ይዞ ሲጫወት ብትመለከቱ አሥራ አራቱ ኳሱን ያያሉ። ሁሉም ወደ ኳሱ ይሮጣል፤ ኳሱ ባለበት አቧራ ይነሣል፤ አብዛኛው ሜዳ ባዶ ነው። አሠልጣኝ የሚሆነው ሰው ኳሱን ትቶ ያንን ባዶ ቦታ ያያል። ልጆቹን አስቁሞ «አንተ እዚህ፣ አንተ እዚያ ቁሙ፤ ኳሱን በሁለት ንክኪ ልቀቁ» ይላል። መጀመሪያ ይሰለቻሉ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ልጅ ሳያይ ወደ ባዶው ቦታ ያቀብላል፤ ሌላው እዚያ ይገኛል። ያኔ ሁለቱም ቀና ብለው አሠልጣኙን ያያሉ። ትምህርት የገባበት ጊዜ ያ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

እዚህ የሴት ልጆቻችንን ጉዳይ ማንሣት አለብኝ፤ ስለ ተዘጋ ሜዳ እያወራሁ ይህን ብዘል ውሸታም ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የሚታዩት ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ ቤት ይረዳሉ፣ ወይም «ለሴት ልጅ ነውር ነው» ተብለዋል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያገኘችው አንድ ሰው ሜዳውን ከፍቶላት ነው። ማንም የሮቢት ልጅ ከእሷ ያነሰ እግር የላትም። በሳምንት ሁለት ጧት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ሜዳው ለሴቶች ብቻ ይሁን፤ አሠልጣኟም ሴት ብትሆን እናቶች ይበልጥ ያምናሉ። ይህን ለመወሰን ከዚህ ከተማ ውጭ የሚጠበቅ ፈቃድ የለም።

ቅርጫት ኳስን በተመለከተም ብዙ ሰው የሚፈራው ወጪውን ነው። ሜዳው 28 በ15 ሜትር ነው፤ ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ይሰቀላል። ብረት ቀለበት ቆቦ ውስጥ በየትኛውም ብየዳ ቤት ይሠራል፤ ዲያሜትሩ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰሌዳው ጣውላ ነው። ሜዳው ሲሚንቶ እስኪሆን ድረስ በደንብ የተጠቀጠቀ አፈር ይበቃል፤ ኳሱ ብዙ ባያነጥርም ማቀበልና መወርወር ይቻላል። ኔይስሚዝ በፍራፍሬ ቅርጫት ጀምሯል። በትምህርት ቤት ግቢ አንድ ቀለበት ቢተከል የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 50 ልጅ ሊያሰልፍ ይችላል፤ ከእግር ኳስ ይልቅ ለሴቶች ልጆችም ቶሎ ይቀላቸዋል።

ከዚያ በኋላ መማር አለ። የተጫወተ ሰው ስለ ተጫወተ ብቻ ማሠልጠን ያውቃል ማለት አይደለም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአሠልጣኝነት ፈቃድ ከዲ ጀምሮ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ደረጃ ለጀማሪ የተዘጋጀ ነው። ወልድያ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከዚህ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ከእናንተ ሁለት ሦስት ሰው ይህን ፈቃድ ይዞ ቢመለስ በአምስት ዓመት ውስጥ እዚህ የሚፈጠረውን ልዩነት በዓይናችሁ ታያላችሁ። ያለፉት ዓመታት ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤት ጎድቷል፤ ብዙ ልጅም ከትምህርት ርቋል። ልጅ ወደ ግቢ እንዲመለስ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ቅዳሜ ጧት ፊሽካ ይዞ የሚጠብቀው ሰው መኖሩ ነው። ይህን ብዙ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

ስለዚህ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ ከዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ከመምህራኑ ጋር ተነጋገሩ። ማን በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሜዳ እንደሚገኝ ቁረጡ፤ የሴቶቹን ሁለት ጧት አስቀድማችሁ ያዙ። ወላጆች ደግሞ ጧት ልጃችሁን ቀድማችሁ ቀስቅሱ። አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።